በመሃል የጠፉት እጆች

ባሳዲና እኔ አንድ አጥር ተካፍለን ሃያ ምናምን ዓመት ኖረናል። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚህ ካንዬ ውስጥ ለሠርግ ሌቴይሲ የሚባለውን የወግ ጨርቅ የለበሰች ሴት ካለች፣ ያ ሰማያዊ ቀሚስ በባሳዲ የስፌት መኪና ሥር ሳያልፍ አልቀረም። በመጀመሪያው ሰሞን በአጥር ላይ የምንጨዋወተው በሳቅና በጥቅሻ ነበር። እያደር የእጇን ቋንቋ ለመድኩ። እንደ ልጇ እንደ ጎራታ ግን አልሆንም። ባሳዲ ራሷ፣ «ማ ፓኮ፣ አንቺ በእጅሽ ስታወሪ ዶሮ እያባረርሽ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። የበኩር ልጄ ፓኮ ስለሆነ ሰፈሩ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። ዶሮም ባባርር እንግባባለን።

ባሳዲ ሴጋሜትሲ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። እሷም አትሰማም። ሁለቱ ከመንደር ርቀው በአባታቸው የከብት በረት ስላደጉ፣ ከሚያወሩበት ምልክት ግማሹን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ዘግይተው ገቡ፣ ቶሎም ወጡ። ጽሑፍ ለሁለቱም የሰው ቤት ነው፤ ይገባሉ እንጂ ተመቻችተው አይቀመጡበትም። ሴጋሜትሲ አግብታ ማውን ወደሚባል ከተማ ከሄደች በኋላ ግን ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ማውን ከእኛ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በስልክ አጫጭር መልእክት ይላላኩ ነበር። «ደህና ነኝ። አንቺስ? ዝናብ መጣ።» በቃ እንዲህ ዓይነት።

እናታቸው ሲታመሙ ያስታመመች ባሳዲ ናት። ሕመሙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ለወራት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላዩም። ሲያልፉ ሴጋሜትሲ ለቀብር አልመጣችም። ባሳዲ የለቅሶው ፍራሽ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች፤ ከጎኗ ያለውን ቦታ ማንም እንዲይዘው አልፈቀደችም። መሬት እስኪገቡ ድረስ በሩን ስታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ እህቷ ከጠየቃት፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ሁለት መዳፏን እርስ በርስ መታ መታ አድርጋ ትተወዋለች። ከማውን ለሚመጣው መልእክትም መልስ መስጠት አቆመች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ኦቴንግ መጣ። የጎራታ እጮኛ ነው፤ ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ፣ በቁመቱ ሰው ያስቀየመ ይመስል ትከሻውን ሰብስቦ የሚሄድ ልጅ። ከብት ሕክምና መሥሪያ ቤት ይሠራል። አማቱን ለማስደሰት የእጅ ቋንቋ ከጎራታ ይማር ነበር። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ዋሉ?» ብሎ ሰላም ያለ መስሎት፣ ለካ «ጎመን ጠጡ?» ነው ያለው። ባሳዲ ግንቡን ይዛ እስክትደክም ሳቀች። የወደደችው ያን ቀን ይመስለኛል።

ሽማግሌዎች ተነጋግረው የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። በእኛ ወግ የእናት ታናሽ እህት በሙሽሪት ሠርግ የራሷ ሥራ አላት፤ ሌላ ሰው አይተካትም። ጎራታም አክስቷን ፈለገች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ባሳዲ ቀሚስ ስትዘመዝም፣ ፊቷ ቆማ ጠየቀቻት። ባሳዲ መርፌውን አስቀመጠችና ለመልሱ እጇን ነፃ አደረገች።

«ትምጣ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደቀረች ትንገረኝ። በስልክ አልፈልግም። በእጇ ትንገረኝ።»

ኦቴንግ በዚያው ሳምንት ለሥራ ማውን ይሄድ ነበር። ሞፋት የሚባል ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛ አለው። አዲስ ካሜራ ገዝቶ ነበር፤ የሰው ሽፋሽፍት እንኳ አንድ በአንድ የሚያሳይ። ሞፋት ካሜራውን ሲያውሰው፣ «ስማ፣ ከመኪና ብትወድቅ አንተ በጀርባህ ውደቅ፣ ካሜራው ደረትህ ላይ ይሁን» አለው።

ኦቴንግ ማውን ደርሶ ሴጋሜትሲን ግቢዋ ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ቀረጻት። ረጅም አወራች። መጨረሻ ላይ አለቀሰች። እሱ ከምትለው ሲሶውን እንኳ አልተረዳም፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነበር የእሱ ድርሻ። ተመልሶ ቪዲዮውን ጎራታ ኮምፒውተር ላይ ገለበጠ፣ ካሜራውን ለሞፋት መለሰ። ሞፋት የካሜራው ካርድ ላይ ያለውን ደምስሶ ለሥራ ወደ ካሳኔ ከተማ ነዳው፤ ለአንድ ወር።

ዓርብ ከሰዓት ተሰበሰብን። ጎራታ በዚያ ኮምፒውተር የሰው ማመልከቻና የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ትጽፍበታለች፣ ሲሰለቻት ዘፈን ትሰማበታለች። ሌላ ሰው ተገልግሎበት የሸጠላት ነው፤ ደህና ይሠራ ነበር። ባሳዲ ልብስ ቀይራ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሆና ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

ጎራታ ቪዲዮውን ስትከፍት ሴጋሜትሲ ብቅ አለች። እንዴት ያለ ጥራት! ግንባሯ ላይ የወጣው አዲስ መስመር ሳይቀር ይታያል። ባሳዲ እጇን ሰዳ የኮምፒውተሩን መስተዋት፣ የእህቷን ጉንጭ ነካች።

ከዚያ ሴጋሜትሲ እጇን አነሳችና ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ምስሉ ድርቅ ይላል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይደርቃል። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር ስንል ደረቷ ላይ ነው። የሚገርመው ድምፁ ምንም አልሆነም። ርግብ ትጮኻለች፣ የአህያ ጋሪ በመንገድ ያልፋል፣ ሁሉም ሳይቋረጥ ይሰማል። ለእኛ ጆሮ ላለን ሁሉም ሙሉ ነው፤ ለባለጉዳይዋ የሚያስፈልገው ግን በዓይን የሚመጣው ነበር።

ባሳዲ ወደ ፊት ተጠግታ የምትይዘውን ያዘች። እኔም የያዝኩትን ልንገራችሁ። «በዚያ ቀን» አለች ሴጋሜትሲ። ምስሉ ቆመ። «እማ።» ቆመ። መዳፏን ገለበጠች፤ «ሞተች» ማለት ነው። ዘለለ። «ደስ አለኝ። ዶሮ አረድኩ።» ቆመ። «በላን። ሳቅን።»

ጎራታ ፊቷ ጠቆረ። የባሳዲን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ትከሻዋን ብቻ አየሁ። ተነሳች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ጎራታ እየሮጠች ፊቷ ቆመች። «እማ፣ ቆይ! አላለቀም!»

«አይቻለሁ» አለች ባሳዲ። «እናቴ ስትሞት ደስ አላት። ዶሮ በላች። ሌላ ምን ቀረ?»

«ቪዲዮው ይዘላል እኮ!»

«እጅ አይዋሽም። የእሷን እጅ ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው።»

የስፌት መኪናዋን አስነሳች። ማንም ምንም እንዳይላት ዓይኗን ጨርቁ ላይ ተከለች፤ ከባሳዲ ጋር መከራከር የማይቻለው ለዚህ ነው፣ ካላየችህ አልተናገርክም። ጎራታ ቪዲዮውን ልትቀጥል ብትሞክር ጭራሽ ተያዘ።

በማግስቱ ኦቴንግ አጥሬ ጋ መጥቶ ቆመ። እንቅልፍ የተኛ አይመስልም።

«ማ ፓኮ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስድቡን በራሴ መኪና ጭኜ አመጣሁላቸው።»

«አንተ ምን አጠፋህ? ካሜራ ያዝክ እንጂ አልተናገርክም።»

«ሴትዮዋ እኮ ስትናገር እያለቀሰች ነበር። ደስ ያለው ሰው እንደዚያ ያለቅሳል?»

«ይሄን ለጎራታ ንገራት» አልኩት።

ጎራታ ግን ቀድማ እያሰበች ነበር። ያየችው አንድ ነገር ከውስጧ አልወጣም። «የአክስቴ እጅ ከደረቷ ተነስቶ ግንባሯ ጋ ነው የተገኘው» አለችን። «መንገዱን አላየሁትም። ድምፁ ሳይቋረጥ ምስሉ ከዘለለ፣ በመሃል ያለው ጠፍቷል ማለት ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የሆነ ነገር አለ።» ለአክስቷ በስልክ ጻፈችላት፤ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው ብላ። የመጣው መልስ አጭር ነበር። «ሁሉንም በእጄ ነግሬያለሁ። እዩት።»

እንግዲህ ማየት ነበረባቸው። መጀመሪያ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግተው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው ሞከሩ። ያው ነው። እያቆሙ ትንሽ በትንሽ ሊያዩት ሲሉ፣ የቆመው ምስል በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተሰባብሮ ጣቱ ከክንዱ አይለይም። ከዚያ ኦቴንግ ቪዲዮውን ወደ ትንሽ መጠን የሚቀይር ፕሮግራም አገኘ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ዘምረን፣ ምሳ በልተን ስንመለስ ኮምፒውተሩ ገና እያጉረመረመ ነበር። ሲያልቅ ውኃ የመሰለ ሆኖ ፈሰሰ፣ ምንም አይቆራረጥም። ኦቴንግ ሊጨፍር ደረሰ። ጎራታ ግን አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ልትለጥፈው ደርሳ፣ «ይሄ እጅ ነው ጓንት?» አለችው። እውነቷን ነው። ጣቶቹ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ፊቷም ደብዝዟል። በእጅ ቋንቋ ፊት ግማሹ ነገር ነው። ቅንድብ ካልታየ ጥያቄው ከመልሱ አይለይም።

ሰኞ ኮምፒውተሩን ተሸክመው ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ ሳጥኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «ይሄማ ሙዚየም ይግባ፣ አዲስ ልሽጥላችሁ» አላቸው። ተሸክመው ተመለሱ። ኦቴንግ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ዳገቱን ሲወጣ ከአጥሬ አየሁት።

በዚህ መሃል ባሳዲ ለሠርጉ የምትሰፋውን ትሰፋለች፣ ገንፎዋን ትሠራለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። ለሁሉም ደህና ናት። አንድ ጠዋት ግን ጨው ልበደር ስገባ ለሴጋሜትሲ ጀምራው የነበረውን ቀሚስ ስትተረትር አገኘኋት። ቀሚስ ጀምራ እንደነበር እንኳ አላወቅሁም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ክሩን ለቀምኩ።

ኦቴንግ በመጨረሻ ሞፋትን በስልክ አገኘው። ካሳኔ በሄደበት ኔትወርክ የሚይዘው ሲፈልግ ነው። ጎራታ ግቢ፣ እኔም ባለሁበት፣ ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አወራው።

«ሞፋት፣ ያ ነገርህ እኛ ቤት እሳት ለኮሰ።»

«ካሜራዬን ምን አደረግከው?»

«ካሜራህ እጅህ ላይ ነው ያለው፣ አትደንግጥ! ቪዲዮው ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይቆራረጣል።»

«ኧረ ይቆራረጣል! ምን መሰለህ፣ ያ ካሜራ ምስሉን እንደ ሻንጣ አጭቆ አጭቆ ነው የሚያስቀምጠው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሻንጣውን እየፈታ፣ እያወጣ፣ እየሮጠ ማሳየት አለበት። ፕሮሰሰሩ፣ ዋናው አንጎሉ፣ ብቻውን አይችለውም። ትንፋሽ ሲያጥረው የማይደርስበትን ትቶ ይዘላል።»

«ባለሱቁ አዲስ ግዙ ነው ያለን።»

«ባለሱቅ ሌላ ምን ይበልህ! በምስል የሚያግዘው ግራፊክስ ካርድ የለውም?»

ጎራታ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «አለው መሰለኝ። የሸጠልኝ ሰው ጌም ይጫወትበት ነበር።»

«በይ እሱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦልሻል። ድራይቨሩ ተጭኗል?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሞፋት ሳቀ። «ካርዱና ኮምፒውተሩ የሚግባቡበት ነገር ነው። ከሌለ ካርዱን ማን ይጠራዋል? ድራይቨሩን አውርዳችሁ ጫኑ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ማጫወቻ፤ ስሙን እልክላችኋለሁ። ቅንብሩ ውስጥ ግቡና ቪዲዮ መፍታቱን ለካርዱ ስጡት። አሁን ያላችሁ ማጫወቻ ሁሉንም ፕሮሰሰሩ ላይ ነው የሚቆልለው።»

ጎራታ ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አምጥታ ጫነች። አንዴ አልተሳካም፤ የሌላ ካርድ ድራይቨር ነበር። ሳጥኑን ከፍተው ካርዱ ላይ የተጻፈውን አንብበው እንደገና ሄደች። በሁለተኛው ተሳካ፤ ቪዲዮውን ስትከፍተው ሴጋሜትሲ ዛፏ ሥር ተቀምጣ፣ እጇን ከጉልበቷ አነሳች፤ እጇም መንገዱን ሁሉ እያሳየ ደረቷ ጋ ደረሰ። ቅጠሉ ሲወዛወዝ፣ ጣቶቿ ሲታጠፉ፣ ሁሉም ይታያል። ጎራታ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ኦቴንግን ዞራ አየችው።

«ምን አለች?» አላት።

«እኔ አይደለሁም የምናገረው። እማ ራሷ ትየው።»

ማን ይጥራት ነው ችግሩ። ጎራታ ሄደች፤ ባሳዲ ዓይኗን አላነሳችም። እኔ ሄድኩ፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ኦቴንግ ተነሳ። አማት ፊት እንደዚያ መቆም በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ሄዶ በስፌት መኪናው ፊት መሬት ላይ ተንበረከከና በዚያ ቁመቱ ልክ ከዓይኗ ትይዩ ሆነ። መሸሻ አሳጣት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት በእጁ፣ ቀስ እያለ። «ያመጣሁት ግማሹን ነው። ማሽኑ ፍየል ነበር። አሁን ፍየል አይደለም።»

ባሳዲ አየችው። «ፍየል?»

«ፍየል» አለ ኦቴንግ በእርግጠኝነት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንካሳ ማለቱ ነበር። ባሳዲ ላትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ታገለች፣ አልቻለችም። ክንዱን ይዛ ተነሳች።

ሻሽ አላስተካከለችም በዚህ ጊዜ። የመርፌ ማስቀመጫው እጇ ላይ እንደታሰረ ተቀመጠች። ሴጋሜትሲም ነገረቻት።

«በዚያ ቀን መልእክትሽ መጣ። እማ አርፋለች ይላል።» ከዚያ ሴጋሜትሲ መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈነች። «እንቅልፍ ወሰዳት፣ አልኩ። ከስንት ወር በኋላ እማ ተኛች። ሞተች ማለት እንደሆነ» እጇን ከግንባሯ ላይ ጠራርጋ ጣለችው፣ «አላወቅሁም። ደስ አለኝ። ዶሮ አረድኩ። ጎረቤት ጠራሁ፤ እናቴ ዛሬ ተኝታለች አልኳቸው። በላን። ሳቅን። ባሌ ከቀናት በኋላ ከሩቅ ሥራ ሲመለስ መልእክቱን አንብቦ ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ ተቀብራለች። እንዴት ልምጣ? አንቺ ስታለቅሺላት እኔ የዶሮ አጥንት እግጥ ነበር። ይሄን በጽሑፍ እንዴት ልበልሽ? ፈራሁ። አፈርኩ። ሁለት ዓመት አፈርኩ።»

እኛ ጋ የገዛ እናትን ሞተች ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ አረፈች፣ ተኛች ነው የሚባለው። ባሳዲም ለቅሶ ቤት ሰው እንደመከራት ነው የጻፈችው። በእጅ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ጉንጭ ሥር ያለ መዳፍና የተገለበጠ መዳፍ የሚምታታበት ሰው የለም። በእጅ ብትነግራት ኖሮ ሴጋሜትሲ በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ነበረች።

ባሳዲ አላለቀሰችም። ቪዲዮው አለቀ። ከዚያ መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ እህቷ እንዳደረገችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጎራታ ትከሻዋን ስትነካት ነው የነቃችው።

«መልሱን እንቅረጽላት?» አላት ኦቴንግ። «ካሜራ ፈልጌ አመጣለሁ።»

«ተወው» አለች ባሳዲ። «ጠዋት አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ወደ ማውን ጎራታ አብራት ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ሲደርሱ ሴጋሜትሲ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጎራታ ሮጣ ልትነካት ስትል እናቷ ያዘቻት። ባሳዲ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ እግሯን አንስታ መሬቱን ሁለቴ መታችው፤ ደግማ ሁለቴ። ልጆች ሆነው እንዲህ በመሬቱ ንዝረት ነበር የሚጠራሩት። ሴጋሜትሲ የያዘችውን አንሶላ አልለቀቀችም፣ ዞራም አላየችም። አንሶላውን እንደያዘች እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሳዲ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። አንሶላው ሁለቱም ላይ ወደቀ። «ከሥሩ ምን እንዳወሩ አላየሁም» አለችኝ ጎራታ፣ «ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት።»

ሴጋሜትሲ ከእነሱ ጋር አብራ መጣች። መጀመሪያ የሄዱት መቃብሩ ጋ ነው፣ ሁለቱ ብቻ። ስንት ሰዓት እንደቆዩ አልጠየቅሁም። በሠርጉ የአክስትን ሥራ ከእሷ የተሻለ የሠራ አላየሁም፤ የፍየሉን ነገር ሰምታ ለኦቴንግም በሰው ፊት «ፍየሌ» የሚል ስም አወጣችለት፤ እስከ ዛሬ በእጅ የሚጠራው በዚያ ነው። የተተረተረው ቀሚስ እንደገና ተሰፋ። ወገቡ ትንሽ ጠበበ።

ሴጋሜትሲ ከሠርጉ በኋላም ሦስት ሳምንት ቆየች። አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሜ ሁለቱ በአንድ የጨርቅ አቆራረጥ ሲጨቃጨቁ አየሁ፤ አንዷ መቀሱን ትነጥቃለች፣ ሌላዋ ጨርቁን ትጎትታለች፣ እጆቻቸው በአየር ላይ ይጋጫሉ። ምን እንደሚባባሉ አልደረስኩበትም። ቀስ በሉ፣ እኔም ልስማ ብዬ በእጄ ስላቸው፣ ሁለቱም አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና ወደ ጭቅጭቃቸው ተመለሱ። እኔም ድስቴ እንዳያርብኝ ገባሁ።